ለሟች ባለቤቴ ደብዳቤ ለሚጽፈው መሥሪያ ቤት

ከሞተች ዓመት ከአራት ወር የሆናትን ባለቤቴን መሥሪያ ቤትዎ «ብድሯን መክፈል ያቋረጠች» ብሎ ጽፎባታል፤ በዚህም ሰበብ ከግብር ሊመለስልን የነበረውን ገንዘብ አንድ ሳንቲም ሳያስቀር ወስዷል። የተፈጸመው በደል ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ ትሕትና ስለሆነ እሱንም ሳልነፍግዎ እቀጥላለሁ።

ክቡር የተማሪ ብድር አስመላሽ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት አቀርባለሁ። ጉልበትዎ እንዳይዝል፣ ዓይንዎ እንዳይደክም፣ በተለይም ጆሮዎ ደህና ሆኖ እንዲቆይልዎ እመኛለሁ፤ በመሥሪያ ቤትዎ ስልክ ላይ ለአምሳ ደቂቃ ያህል ያንኑ አንድ ሙዚቃ ደጋግሜ ስሰማ ስለ ጆሮ ጤንነት ብዙ ለማሰብ ጊዜ አግኝቻለሁና። ባለቤት ካለዎት ለእሳቸውም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ይህኛውን የጻፍኩት ለወግ አይደለም።

ኡርሆ ካንጋስ እባላለሁ። ሰማንያ ዓመቴ ነው። በሚቺጋን የላይኛው ልሳነ ምድር፣ ከታላቁ ሐይቅ አምስት ማይል ገባ ብሎ በሚያልፈው መንገድ ዳር መጋዝ እሞርዳለሁ፣ የሞተር መጋዝም እጠግናለሁ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ከእንጨት ቆራጮች ጋር ሥራ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከከተማው ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየተዋስኩ ነው፤ አንዱንም ቀኑን አሳልፌ መልሼ አላውቅም። የዚህን ደብዳቤ ዋናውን ለእርስዎ በፖስታ ልኬ ቅጂውን ለሳምንታዊ ጋዜጣችን ሰጥቻለሁ፤ ምክንያቱም ወደ መሥሪያ ቤትዎ የገባ ደብዳቤ የሚወጣበት በር ያለ አልመሰለኝም። ጎረቤቶቼ ያነቡታል። ያንብቡት።

አቤቱታዎቼን ለአሠራርዎ እንዲመች በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። በግንቦት ወር የደረሰኝ ደብዳቤዎ፣ ሊመለስልን የነበረው አንድ ሺህ አንድ መቶ ስድስት ዶላር «በወይዘሮ ሄልሚ ካንጋስ ባልተከፈለ የተማሪ ብድር ምክንያት» ወደ መሥሪያ ቤትዎ መዛወሩን ይገልጻል። ይህን ሳነብ ሳቅሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት የተሳቀ የመጀመሪያው ሳቅ ስለነበር ምስጋና ይገባዎታል። ሄልሚ ያረፈችው በሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ዶሮ ታረባ ነበር። ዓርብ ዓርብ ሄል የገባበት ጉንጉን ዳቦ ጋግራ ለኅብረት ሱቁ ትሸጥ ነበር። ተማሪ ግን አልነበረችም። ስለዚህ በዚህ ሰፊ አገር ሌላ ሄልሚ ካንጋስ አለች፣ እሷም ወጣት ናት፣ ብድሯንም አልከፈለችም ብዬ ደመደምኩ። ለዚያች ልጅ እንኳ ትንሽ አዘንኩላት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲሉልኝ እጠይቃለሁ። ከባልና ሚስት አንዱ በሞተበት ዓመት፣ የቀረው ለመጨረሻ ጊዜ በሁለቱም ስም ግብር ማስታወቅ ይፈቀድለታል። ቅጹ ከሟቹ ስም ጎን «ሟች» ተብሎ ቀኑ እንዲጻፍ ያዛል። እኔም በሚያዝያ ወር በእጄ ጻፍኩት። ቀለሙ እስኪደርቅም ጠበቅሁ። እንግዲህ ያው መንግሥት በአንድ እጁ ባለቤቴ መሞቷን ተቀብሎ፣ በሌላ እጁ ለምን ዝም አልሽ ብሎ ገንዘቧን ወሰደ። በሁለቱ እጆች መካከል ያለውን ርቀት የማውቅበት መንገድ የለኝም፤ ረጅም መሆኑን ግን ተረድቻለሁ።

ሁለተኛ። ስለ ስልክ አገልግሎትዎ። ከሙዚቃው በኋላ ብሪያና የምትባል ጨዋ ወጣት አነሳችልኝ። ድምፅዋ የደከመው ሰው ድምፅ ስለነበር እሷን አልከስሳትም። ንግግራችንን ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ አቀርባለሁ።

«ወይዘሮ ሄልሚን ያገናኙኝ እባክዎ ጌታዬ» አለች።

«አላገናኝሽም። ሞታለች።»

«ውይ! በጣም አዝናለሁ ጌታዬ። ግን የእሳቸውን ፋይል መክፈት የምችለው እሳቸው ሲፈቅዱልኝ ብቻ ነው።»

«ሞታለች አልኩሽ እኮ።»

«ገብቶኛል ጌታዬ። እንግዲያውስ በጽሑፍ ፈቃድ ይላኩልን።»

«ማን?»

«እሳቸው» አለች፤ ወዲያው ግን ራሷም ሳቋ መጣባትና በሳል ሸፈነችው።

ክቡር ኃላፊ፣ መሥሪያ ቤትዎ ከባለቤቴ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ካለው እኔን ቢያስተምረኝ ደስ ይለኛል። እኔም ካለፈው ዓመት የካቲት ጀምሮ እየፈለግኩት ነው።

ሦስተኛ። ስለ «ተማሪ» የሚለው ቃል። ይህ አቤቱታ ረዘም ስለሚል ወንበርዎን ያመቻቹ።

በመሥሪያ ቤትዎ ስህተት በመናደዴ ኅብረት ሱቁ ውስጥ ቆሜ፣ መንግሥት ዳቦ ጋጋሪዋን ሚስቴን የኮሌጅ ተማሪ እንዳደረጋት ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬያለሁ። በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳይማ መጣች። ሳይማ ከእኛ ግማሽ ማይል ወዲያ ትኖራለች፤ ባሏን ከቀበረች ሃያ ዓመት ሆኗታል፤ የባለቤቴም የልብ ጓደኛ ነበረች። የደረቅ ዳቦ መያዣ ካርቶን በክንዷ አቅፋ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«ሱቅ ውስጥ ስትጮህ ሰማሁህ ኡርሆ። ተቀመጥ» አለችኝ።

«ቤቴ ነው። ስፈልግ እቀመጣለሁ።»

«እንግዲያው ቆመህ ስማ። ብትወድቅ ግን አላነሳህም፤ ወገቤን ያመኛል።» ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «የመንግሥት ስህተት የለም። ሄልሚ ተምራለች።»

«የት ነው የተማረችው?»

«ከተማ፣ የማታ ኮሌጅ። በስድሳ ዓመቷ ነው የጀመረችው። ሁለት ክረምት፣ ማክሰኞና ሐሙስ።»

«ማክሰኞና ሐሙስ አንቺ ቤት የጨርቅ ምንጣፍ ነበር የምትሸምነው።»

«ሁለት ክረምት ሙሉ ስትሸምን ስንት ምንጣፍ ይዛልህ መጣች?»

አሰብኩ። «አንድ» አልኩ።

«እሱንም የሸመንኩት እኔ ነኝ። አንተ ሰውዬ፣ መጋዝ ላይ ፀጉር የምታህል ጉድለት ታያለህ፤ በሁለት ክረምት አንድ ምንጣፍ ብቻ መምጣቱ አልታየህም!»

ምንጣፉ እግሬ ሥር ነበር። ሰማያዊና ግራጫ ነው፤ ግራጫው የእኔ አሮጌ ሱሪ ነው። ተቀመጥኩ።

«ምን ተማረች?» አልኳት።

«የግብር አሠራር። ቅጽ መሙላት፣ ሂሳብ መያዝ።»

«ለምን?»

«ለምን ይለኛል እንዴ! በየዓመቱ ስትሳሳት እያየች ምን ታድርግ? ብትነግርህ ትሰማት ነበር?»

«እሰማት ነበር።»

ሳይማ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ መልሳም አደረገችው፤ ከዚያ አየችኝ።

«አልሰማትም ነበር» አልኩ።

«ይኸውልህ» አለችኝ። «እግዜር ይስጥህ።»

ክቡር ኃላፊ፣ የማላውቀው ነገር ነው ብዬ ልዋሽዎት አልችልም፤ ሳይማ ስትናገር ትዝ ብሎኛልና። ሄልሚ አንድ ምሽት ከእራት በኋላ ጠረጴዛውን እየጠረገች፣ «በከተማ የማታ ትምህርት ተከፍቷል አሉ፤ በእኔ ዕድሜ ያሉም ገብተዋል» ብላ ነበር። እኔም መጽሐፌን ሳላስቀምጥ፣ «ትምህርት ቤት ራሱ አንብቦ መረዳት ላቃተው ሰው ነው» አልኳት። የጠረገችውን ጠረጴዛ እንደገና ጠረገችው። እኔም በክርክር ያሸነፍኩ መሰለኝ። ከቤት ገንዘብ እንዳትጠይቅ መልሴን ሰምታለች፤ ስለዚህ ከእናንተ ተበደረች፤ ደብዳቤዎችዎ እኔ እጅ እንዳይገቡም የሳይማን አድራሻ ሰጠቻችሁ። መሥሪያ ቤትዎ ባለቤቴን ያመናትን ያህል ባለቤቷ አላመናትም ነበር። ስለዚህም አመሰግናለሁ፤ ይህኛውን ምስጋና በሁለቱም በኩል አገላብጠው ሊያነቡት ይችላሉ።

አራተኛ። ካርቶኑ ውስጥ መቶ ስምንት ደረሰኞች አሉ። ሁለት ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ። ባለቤቴ በየወሩ የመጀመሪያ ቀን፣ ከዳቦው ሽያጭ ሃምሳ ዶላር እየያዘች፣ በሳይማ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ለዘጠኝ ዓመት ልካላችኋለች። የዘገየ የለም። መንገዱ በበረዶ በተዘጋበትና ፖስታ ቤቱ ባልተከፈተበት ወር እንኳ አንድ ቀን አስቀድማ ነው የላከችው። የመጨረሻው ደረሰኝ የየካቲት ነው። በዚያው ወር መጨረሻ አረፈች። በመጋቢት አልከፈለችም። በሚያዝያም አልከፈለችም። መሥሪያ ቤትዎም ዘጠኝ ወር በትዕግሥት ጠብቆ ሲያበቃ፣ ይህች ሴት ግዴታዋን አልተወጣችም ብሎ መዘገባት።

ክቡር ኃላፊ፣ ከገንዘቡ ሁሉ ያስቀየመኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ በግልጽ ልጻፈው። ባለቤቴ መክፈል አላቋረጠችም። ሞተች እንጂ። በእነዚህ በሁለቱ ነገሮች መካከል ልዩነት መኖሩን መሥሪያ ቤትዎ ከአማካሪዎቹ ጋር ተመካክሮ እንዲደርስበት እጠይቃለሁ።

አምስተኛ። አሁን ደግሞ ስለ ወሰዳችሁት ተመላሽ ምንነት ላስረዳ፤ የወሰዱትን ነገር ማወቅ ለወሳጅ ይጠቅማልና።

እኔ የግብር ቅጻችንን አርባ ዓመት ሙሉ በራሴ እጅ ሞልቻለሁ፤ ለማንም ባለሙያ አንድ ዶላር ከፍዬ አላውቅም። ረቂቁን እኔ እጽፋለሁ፤ ጽሕፈቷ የሚያምር ስለሆነ ሄልሚ በንጹሕ ትገለብጠዋለች፤ ሁለታችን እንፈርማለን፤ ይላካል። ለብዙ ዓመታት በየሚያዝያው ተጨማሪ እንከፍል ነበር። ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ግን በየዓመቱ ይመለስልን ጀመር። ይህን ለውጥ የራሴ ንባብ ፍሬ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ። ኅብረት ሱቁ ውስጥም ሰዎችን በዚህ ጉዳይ መክሬያለሁ። አንዳንዶቹ ይህን ጋዜጣ እያነበቡ ስለሚሆን፣ ከእኔ የተቀበሉትን ምክር ዛሬውኑ እንዲተዉት በትሕትና አሳስባለሁ።

ሳይማ ከሄደች በኋላ መሳቢያዬን ከፈትኩ። ረቂቆቼን አልጥልም። የሄልሚን ግልባጮች ቅጂ ደግሞ እሷ በዓመት በዓመታቸው በክር አስራ አስቀምጣቸዋለች። አጠገብ ለአጠገብ ዘርግቼ አስተያየኋቸው። ክቡር ኃላፊ፣ አንድም ዓመት አይመሳሰሉም። እኔ ለሥራዬ የምገዛውን ሞረድ፣ የሥራ ክፍሌን መብራት፣ የጭነት መኪናዬን ቤንዚን ከገቢዬ ላይ ቀንሼ አላውቅም። ሞረዴን በገንዘቤ ገዝቼ ለመንግሥት ገዛሁ ብዬ ማመልከት ልመና ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ሁሉንም በቦታ በቦታው አስገብታዋለች። ደረሰኞቹን ከሥራ ካፖርቴ ኪስ እየለቀመች ነበር። ተሳስቼ የደመርኩትን አርማለች። በማይገባው መስመር ያስገባሁትን ወደሚገባው አዛውራለች። እኔም በመጨረሻው ገጽ ላይ ፈርሜያለሁ።

ያላነበብኩትን ወረቀት ዘጠኝ ዓመት ፈርሜያለሁ። የሌላ ሰው ጽሑፍ ሳላነብ አልፈርምም እያልኩ በከተማ ሁሉ የምታወቀው እኔ ነኝ።

በዚህ ዓመት ብቻዬን ቅጹን ስሞላ፣ የመጨረሻዋን ግልባጯን ከፊቴ አድርጌ መስመር በመስመር ተከተልኳት። ሞረዱንና ቤንዚኑን ሳይ ከዚህ በፊት እኔው አስቤ ያስገባሁት፣ በእርጅና የረሳሁት መሰለኝ፤ ራሴንም አደነቅሁ። እንግዲህ መሥሪያ ቤትዎ የወሰደው አንድ ሺህ አንድ መቶ ስድስት ዶላር፣ ባለቤቴ ከእናንተ በተበደረችው ገንዘብ የተማረችውን ትምህርት ባትማር ኖሮ በዓለም ላይ የማይኖር ገንዘብ ነው። ያበደራችሁት ፍሬ አፍርቶ ነበር። ይህን ከብድር ተቀባዮቻችሁ ስንቱ እንደሚያሳያችሁ አላውቅም። እናንተ ግን ዛፉን ያየነው ከነፍሬው ልንነቅለው ስንል ነው።

ከላይ «እናንተ» ብዬ ጀምሬ «ልንነቅለው» ብዬ መጨረሴን አሁን አየሁት። አላርመውም። የሚያርምልኝ የለም።

ስድስተኛ። ከካርቶኑ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ደወልኩ። እንደ ዕድል ሆኖ ያችው ብሪያና አነሳችልኝ፤ ስሜን ስነግራትም አስታወሰችኝ። ሁለት መንገድ እንዳለኝ በሚገባ አስረዳችኝ።

«የመጀመሪያው፣ ዕዳው የባለቤትዎ ብቻ መሆኑን፣ እርስዎ ምንም የማያውቁበትና የማይመለከትዎ መሆኑን በቅጽ ሞልተው ይፈርማሉ። የሁለታችሁን ገቢ ለያይተው ይጽፋሉ፤ ይሄ የእኔ፣ ይሄ የእሷ ብለው። ከዚያ የእርስዎ ድርሻ ይመለስልዎታል።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ቀላል ነው ጌታዬ። የሞት የምስክር ወረቀቱን ይልካሉ። ዕዳው ሙሉ በሙሉ ይሰረዛል። ፋይሉ ይዘጋል።»

«ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ ደብዳቤ መላካችሁ ይቀራል?»

«አዎ ጌታዬ፣ ከዚያ በኋላ አንድም ደብዳቤ አይመጣብዎትም። እፎይ ይላሉ።»

«ቆይ አስብበታለሁ» አልኳት።

«ምኑን ነው የሚያስቡት ጌታዬ? ነፃ እኮ ነው!»

የመጀመሪያውን መንገድ በተመለከተ መልሴ አጭር ነው። ሃምሳ ዓመት አብረን በልተን፣ አንድ ምድጃ ሞቀን፣ ዛሬ ይሄ የእኔ ነው፣ ይሄ የእሷ ነው፣ የእሷ አይመለከተኝም ብዬ አልፈርምም። የማይመለከተኝ ሆኖ የቆየው በሕይወት ሳለች ነው፤ እሱ ይበቃል።

ሰባተኛ። ሁለተኛውን መንገድ በተመለከተ ግን አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ የምጽፈውም ሳልወድ ነው።

ሰው ሲሞት ፖስታ ሳጥኑም ቀስ እያለ ይሞታል። መጀመሪያ የአትክልት ዘር ካታሎጉ ቀረ። ቀጥሎ የዶሮ መኖ ነጋዴው ማስታወቂያ ቀረ። የጥርስ ሐኪሙ ቀጠሮ ማስታወሻ መላክ አቆመ። ገና ሲደርስ ከዘመድ የሚመጣው ካርድ «ኡርሆና ሄልሚ» ይል የነበረው፣ ባለፈው ገና «ኡርሆ» ብቻ ብሎ መጣ። ቤተ ክርስቲያኑም ስሟን ከጥሪ ዝርዝሩ አወጣው። ሰዎቹ ጥፋት የለባቸውም። ቅዳሜ ሲመሽ ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያችን፣ የምንገባው ሁለታችን ነበርን፤ ለአንድ ሰው የበርች እንጨት ማንደድ ብክነት ስለሆነ ከሞተች ወዲህ አላነደድኩትም። ስሟንም የምጠራበት ምክንያት አጥቻለሁ። ዶሮዎቹን ለሳይማ ሰጥቻቸዋለሁ። በዚህ ቤት ውስጥ ሙሉ ቀን ቃል ሳይነገር ይመሻል።

ሳይማ ያመጣችው ካርቶን ውስጥ ግን፣ ከደረሰኞቹ ሥር፣ ያልተከፈቱ አሥራ አንድ ደብዳቤዎች ነበሩ። ሳይማ፣ «ለሄልሚ ቃል ገብቼ ነበር፤ የሞተ ሰው ደብዳቤም አልከፍትም» ብላ እንደታሸጉ አኑራቸዋለች። ሁሉም «ውድ ሄልሚ» ብለው ይጀምራሉ። ውስጣቸው ማስፈራሪያ ነው፤ አጀማመራቸው ግን «ውድ ሄልሚ» ነው። ክቡር ኃላፊ፣ በዚህ ምድር ላይ ለባለቤቴ አሁንም የሚጽፍላት የእርስዎ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ይህን ማወቅ እንዳያኮራዎት።

በመሆኑም ውሳኔዬ እንደሚከተለው ነው።

የሞት ምስክር ወረቀቱን አልልክም። መሞቷን በራሳችሁ ቅጽ ላይ፣ በራሳችሁ ትእዛዝ፣ በእጄ ጽፌ ሰጥቻችኋለሁ፤ ያላነበባችሁት እናንተ ናችሁ። የወሰዳችሁትን ገንዘብ አትመልሱ። እንደ ስሌታችሁ የቀረው ሠላሳ አንድ ወር ነው። በየወሩ የመጀመሪያ ቀን ሃምሳ ዶላር በሄልሚ ካንጋስ ስም እልካለሁ። ስጨርስ ሰማንያ ሦስት ዓመት ይሆነኛል። እስከዚያ የመኖር ዕቅድ አልነበረኝም፤ እናንተ ምክንያት ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

በምላሹ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ከስሟ ጎን ያለው «መክፈል ያቋረጠች» የሚለው ቃል ይሰረዝ። በምን እንደምትተኩት የእናንተ ጉዳይ ነው፤ ባዶም ቢቀር ግድ የለኝም። ሁለተኛ፣ ደረሰኙን በስሟ ላኩ፤ ከእንግዲህ ግን በሳይማ ቤት በኩል አይደለም። የምኖርበትን ታውቃላችሁ። እዚያ ላኩላት። በሩ ላይ የሚቀበል ሰው አለ።

ረቂቆቼን፣ የዘጠኙን ዓመት በሙሉ፣ ባለፈው ቅዳሜ የሳውናውን እሳት ለመለኮስ ተጠቅሜባቸዋለሁ። በደንብ ነደዱ። ሳይማ ጭሱን አይታ ደውላ ነበር።

«ማነው ያለው?» አለችኝ።

«ማንም የለም» አልኳት።

«ለማን ነው ታዲያ ያን ሁሉ በርች የምታነድደው?»

«አንቺን ምን አገባሽ» አልኳት። ግማሽ ማይል ድረስ የሚታይ ጭስ መሆኑ ግን ደስ አላለኝም አልልም።

የሄልሚን ግልባጮች በክራቸው እንደታሰሩ ወደ መሳቢያው መልሻቸዋለሁ። በሚመጣው ሚያዝያ በምሞላው ቅጽ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔ ስም ብቻ ይኖራል፤ ከመፈረሜ በፊት አነበዋለሁ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለማይሰለቸው ሙዚቃዎ፣ ባሏ ያላወቀውን የባለቤቴን ትምህርት በታሸገ ፖስታ ስለ ገለጡልኝም ወደር የሌለው ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለመላው የመሥሪያ ቤትዎ ባልደረቦች፣ በተለይም ሳቋን በሳል ለምትሸፍነው ወጣት፣ መልካም ጤንነትን እመኛለሁ።

የባለዕዳዋ የሄልሚ ካንጋስ ባል፣
ኡርሆ ካንጋስ
መጋዝ ሞራጅ

ማስታወሻ፦ ከደብዳቤዎቹ በአንዱ የተያያዘውን የሂሳብ መግለጫችሁን ካርቶኑ ውስጥ ባገኘሁት የባለቤቴ የትምህርት ደብተር እየተመራሁ መረመርኩት። ደብተሩ ለጀማሪም ግልጽ ነው፤ እኔም ገብቶኛል። በሦስተኛው ረድፍ ያለው ድምር በአሥራ አንድ ዶላር ተሳስቷል፤ የተሳሳተውም በእናንተው ጉዳት ነው። አሥራ አንዱን ዶላር ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ። ድምር የሚያርም ሰው ካጣችሁ፣ በከተማችን ማክሰኞና ሐሙስ ጥሩ የማታ ትምህርት ይሰጣል፤ በስድሳ ዓመታቸው የጀመሩም ተሳክቶላቸዋል። ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን ለማመን የሚቸገር ጎረቤት ካለ፣ ከዚህ ወረቀት ላይ ደግሞ ያንብበው እንጂ ሱቅ ውስጥ እንዳይጠይቀኝ። ስለዚህ ጉዳይ ዳግመኛ ከአፌ ቃል አይወጣም።